ያልሰሙትን ዜማ ማንበብ

«ጅማ» ብሎ የጻፈ ሰው ሁለት ፊደል ጻፈ። ከተማዋን የማያውቅ እንግዳ ሲያነብ «ማ»ን አላልቶ ሊያልፋት ይችላል፤ የአገሩ ሰው ፈገግ ብሎ ያርመዋል። ፊደላችን ጥብቀትን አይጽፍም። «ገና» በዓሉ ይሁን ያልደረሰ ነገር፣ «አለ» ተናገረ ማለት ይሁን ኖረ፣ የሚለየው ቋንቋውን በሚያውቀው ጆሮ ነው። እዚያው ጅማ ውስጥ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ሰሌዳ ግን ያንኑ ስም በቁቤ ሲያሰፍር የ«ም»ን ፊደል ሁለት ጊዜ ይደረድራል። ስሙን ሰምቶ የማያውቅ አንባቢም አይሳሳትም።

በከተማዋ ሁለቱንም የሚያነቡ ብዙ ልጆች አሉ። ቁርኣን ቤት የዋለ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄደውን ዐረብኛ ይጨምራል፤ ከፊደሉ በላይ የ«መድ» ምልክት ሲያይ ድምፁን መሳብ እንዳለበት ያውቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የሙዚቃ ኖታ አራተኛ ጽሕፈት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምልክት አይቶ ድምፅ ማውጣትን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ሲሠራው ኖሯል። ሆኖም ኖታን አንብቦ የሚዘምር ወይም የሚዘፍን ልጅ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች እንደ ልብ አይገኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በጅማ፣ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት መዝሙር የሚያጠኑ ልጆችን ያየ ሰው አካሄዱን ያውቀዋል። መሪው አንድ ስንኝ ያወጣል፤ ልጆቹ ይቀበላሉ። የጎረበጠው ቦታ ይደገማል። አዲስ መዝሙር ከሆነ ስልክ መሃል ላይ ይቀመጥና ሁሉም ጆሮውን ያሾላል። መንዙማም ከመሪው አፍ ወደ ተቀባዩ የሚሻገረው እንደዚሁ ነው፤ የሠርግ ዘፈንማ አስተማሪም አይፈልግም። ይህን እንደ ኋላቀርነት የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ ተሳስተዋል። በጆሮ የያዘ ልጅ የዜማውን መሳብና መስበር፣ የጉሮሮውን ቅንጣት ጌጥ ሁሉ አብሮ ይይዛል። ወረቀት ይህን ሁሉ አይሸከምም።

ችግሩ የሚመጣው ድምፅ ሲከፋፈል ነው። በአራት ድምፅ በሚዘመር መዝሙር ሶፕራኖዋ ዋናውን ዜማ ስለያዘች ብዙም አትቸገርም። ከሶፕራኖ ዝቅ ያለው አልቶ የደረሳት ልጅ ግን የምትይዘው መስመር ብቻውን ሲሰማ ዜማም አይመስልም፤ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ተመልሶ ይወጣል። ያለ ጽሑፍ ያንን በልብ ይዞ ከጎን ያለችውን ሶፕራኖ ሳይከተሉ መዝለቅ ብዙ ሳምንት ይፈጃል። እንደ ጅማ ባለ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ደግሞ መዘምራን ውስጥ የነበረው ተማሪ ተመርቆ ሲሄድ መስመሩም አብሮት አውቶቡስ ይሳፈራል። ተተኪው ከዜሮ ይጀምራል።

ዜማን በምልክት ማስፈር ለኢትዮጵያ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ስልት ያዜመው ድጓ ለብዙ መቶ ዓመታት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲወርድ ቆይቶ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንዳበጁለት ሊቃውንቱ ያወሳሉ። (ከአጋሮ ወዲያ ካለችው የቡና አገር ጌራ ጋር አዛዡ የሚጋሩት ስም ብቻ ነው።) ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የተባሉት ምልክቶች ከቃሉ በላይ በደቃቁ ይሰፍራሉ። ከእነሱ ጋር አንድን የታወቀ የዜማ ሐረግ የሚያስታውሱ ትናንሽ ፊደላት አሉ። ተማሪው ምልክቱን ሲያይ ያ ሐረግ ይመጣለታል፤ የሚመጣለት ግን ቀድሞ ከመምህሩ ስለሰማው ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ምልክቱ የሚያስታውስ ጽሕፈት ነው፤ ጥብቀቱን የሚያውቅ ሰው «ጅማ»ን እንደሚያነበው። የአምስት መስመሩ ኖታ ግን የድምፁን ከፍታና ርዝመት ለይቶ ስለሚጽፍ፣ ማንም ያልዘመረለትን ዜማ ልጁ ራሱ ከወረቀቱ ሊያወጣው ይችላል። ነገሩ በአውሮፓም የተጀመረው ከልጆች ድካም ነው። ጣሊያናዊው መነኩሴ ጊዶ ዘአሬዞ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ልጆች ዝማሬ በቃል ለመያዝ ዓመታት ሲፈጁ አይቶ መስመር አሰመረ፤ ለድምፆቹም ስም አወጣላቸው። የዛሬው ዶ ሬ ሚ የመጣው ከዚያ ሲሆን፣ «ዶ» በመጀመሪያ «ኡት» ይባል ነበር። ዐሥር ዓመት የሚወስደውን ትምህርት በአንድ፣ ግፋ ቢል በሁለት ዓመት እንደሚጨርስ ጊዶ ለወዳጁ ጽፏል። ራሱን ማድነቁ እንዳለ ሆኖ፣ ዘዴው ይኸው 1000 ዓመት ሊሞላው ነው።

ወደ እኛ አገር ከተማ ኖታ በሰፊው የገባው በናስ መሣሪያ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት የናስ ሙዚቀኞች፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ ለኦርኬስትራም ለመዘምራንም ብዙ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሸናፊ ከበደ የተመራው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ትምህርቱን መደበኛ መልክ አስያዘው። ከጅማ ግን እዚያ ለመድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል።

ጅማ የወለደችው ስመ ጥሩ ኖታ አንባቢም ትምህርቱን ያገኘው ርቆ ሄዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ለምህንድስና ተብሎ ወደ ዌልስ ተላከ፤ እዚያ ሙዚቃ ያዘውና ለንደን ትሪኒቲ፣ ከዚያም ቦስተን በርክሊ ገባ። የኢትዮ ጃዝን መንገድ የከፈተው የእኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከምዕራቡ ሙዚቃ አሥራ ሁለት ድምፅ ጋር ወረቀት ላይ አገናኝቶ ነው።

ልጆቹን ከየት ማስጀመር ይሻላል? ሃንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለዚህ የሰጠው መልስ ለእኛ የተቆረጠ ይመስላል፦ ከአገራቸው ዜማ፣ ከአምስት ድምፅ። የኮዳይ ልጆች ሙሉውን ሰባት ድምፅ ከማየታቸው በፊት በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ላይ ይቆያሉ። ይህ ደግሞ የእኛው ትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ለሃንጋሪ ልጅ ልምምድ የሚጠይቀውን የአጋሮ ልጅ ጡት ሲጠባ ሰምቶታል።

የክራር ነገርም አለ። ክራር ደርዳሪ አውታሮቹን የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው፤ ድምፁ ቀጭን ከሆነ ሽቅብ፣ ወፍራም ከሆነ ቁልቁል። በአውታሮቹ መካከል ያለው ርቀት ግን አይለወጥም። የመዘምራን መምህራን «ተንቀሳቃሽ ዶ» የሚሉት ዘዴ ይኸው ነው፦ ዶ የትም ይቀመጥ፣ ከዶ ወደ ሶል ያለው ዝላይ አንድ ነው። ሰሌዳው ላይ ክራር ሥሎ በየአውታሩ ጎን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ የጻፈ መምህር ግማሹን ትምህርት ጨርሷል።

ቀጥሎ እጅ ይመጣል። ልጁ ግራ እጁን ከፍቶ መዳፉን ወደ ራሱ ያዞራል፤ ጣቶቹ ወደ ጎን ይጋደማሉ። ትንሿ ጣት የታችኛው መስመር፣ አውራ ጣት የላይኛው። አምስት መስመር፣ በመካከላቸው አራት ክፍተት። ደብተር የለም፣ ፎቶ ኮፒ የለም፣ መብራት ቢጠፋም ችግር የለውም። መምህሩ «ዶ ቀለበት ጣት ላይ ነው» ይላል። ሚ የት ይውላል? መሃል ጣት ላይ። ሶልስ? ሌባ ጣት ላይ። ሬ በቀለበትና በመሃል ጣት መካከል ባለው ክፍተት። አንድ ሕግ ብቻ ይያዛል፦ ዶ መስመር ላይ ከዋለ ሚና ሶልም መስመር ላይ ይውላሉ፤ ዶ ክፍተት ላይ ከዋለ እነሱም ክፍተት ላይ። ከዚያ መምህሩ ዝም ብሎ በሌላው እጁ ጣቶቹን እየነካካ ያልተሰማ ዜማ «ይጽፋል»፤ ልጆቹ ያወጡታል። የመጀመሪያው ቀን ሳቅ ይበዛል።

ምቱ ይቀልላል። ሠርግ ላይ ያጨበጨበ ልጅ ስድስት ስምንተኛን ያውቀዋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት እያለ በአንድና በአራት ላይ ሲያጨበጭብ የሠራው እሱን ነው። የሚቀረው ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብና ስምንተኛ ኖታን ከመልካቸው ጋር ማገናኘት ነው።

ልምምዱ አጭርና ተደጋጋሚ መሆን አለበት። በየጥናቱ መጀመሪያ ዐሥር ደቂቃ፣ በወር አንዴ ከሚደረግ የሦስት ሰዓት ሥልጠና ይበልጣል። የቡና አገር ደግሞ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀዩ ፍሬ ሲደርስ ብዙ ልጅ ለቀማ ላይ ነው፤ የመዘምራኑ ቁጥርም ይሳሳል። አዲስ ትምህርት ለመጀመር ይህን ወቅት የመረጠ መምህር ጥር ላይ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል።

ትዝታ ላይ የተሟሸ ጆሮ አንድ ቦታ ላይ ይደናቀፋል። መምህሩ ሚ ላይ ቆሞ ወደ ፋ ሲያመለክት ልጆቹ ፋን ዘለው ሶልን ያወጣሉ። ሲ ላይ ሲደርስም እንደዚሁ ዶን ይሉታል። ብዙ መምህር እዚህ ላይ ጆሮ የላቸውም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ጆሮአቸው ግን የሚያውቀውን ትዝታ ነው የመለሰው፤ በትዝታ ውስጥ ፋም ሲም የሉም። መድኃኒቱ ባቲ ሜጀር ነው። የዚህ ቅኝት ድምፆች ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ናቸው፤ የጎደሉት ሁለቱ እዚያ ቁጭ ብለዋል። መምህሩ ባቲ አንጎራጉሮ መሃል ላይ ያቋርጥና ልጆቹ ያቆመበትን ድምፅ እንዲይዙ ያደርጋል። ፋን ሲይዟት ጣቱን በመሃልና በሌባ ጣቱ መካከል ወዳለው ክፍተት ይወስዳል፤ ሚ መሃል ጣት ላይ፣ ሶል ሌባ ጣት ላይ እንዳሉ ናቸው።