ድንቅነሽን ማን መዘናት?

በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ ነው። የድንቅነሽን ሥዕል ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሰቅዬ «ቁመቷ 1 ሜትር ከ5 ሴንቲ ገደማ፣ ክብደቷም ወደ 28 ኪሎ ነበር» ስል፣ ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ማን መዘናት?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ናት። ሥጋ የላትም፤ ከአጽሟም የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ታዲያ ኪሎው ከየት መጣ?

ከዳሌ መገጣጠሚያ ነው። በሁለት እግሩ የሚሄድ ፍጡር የላይኛው አካሉ ክብደት የሚያርፈው በጭን አጥንት ራስ ላይ፣ ማለትም ዳሌው ውስጥ በሚገባው ክብ ጫፍ ላይ ነው። የአጥንቱ ዘንግ በሥራ ብዛት ሊወፍር ይችላል፤ ይህ ክብ ራስ ግን ዕድገት ካበቃ በኋላ እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ የዛሬ ሰዎች አጥንት ይለካና ከአካል ክብደታቸው ጋር ያለው ዝምድና በቀመር ይወጣል። (ጥርስ እንዳያሳስታችሁ! ትልልቅ መንጋጋ ይዞ አካሉ ያን ያህል ያልገዘፈ ጥንታዊ ዘመድ አለን።)

እስቲ እናስላ። የድንቅነሽ የጭን አጥንት ራስ ስፋት 28.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ማክሄንሪ የተባለው ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀመር ይህ በ2.239 ተባዝቶ 39.9 ሲቀነስ 24 ኪሎ ይሆናል። ግራይንና ባልደረቦቹ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጡት ደግሞ በ2.268 ተባዝቶ 36.5 ሲቀነስ 28 ኪሎ! አጥንቱ አንድ፣ ልዩነቱ 4 ኪሎ። ለምን ቢባል፣ ማክሄንሪ አካላቸው አነስ ያሉ ሕዝቦችንም ጨምሮ ሲያሰላ፣ እነግራይን የተነሱት ገዘፍ ካሉት ነው። የድንቅነሽ አጥንት ደግሞ ከሁለቱም መለኪያ በታች ስለሚወድቅ፣ መስመሩ የሚነበበው ልኬት ወደሌለበት ቦታ ተስቦ ነው። በቺምፓንዚ ቢሰላማ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ቺምፓንዚ ክብደቱን ለአራት ስለሚያካፍል የጭኑ ራስ ለአካሉ ትንሽ ነውና። በ2018 እ.ኤ.አ. አጽሙን በኮምፒዩተር አሟልተው ይዘቱን ያሰሉት ደግሞ 20 ኪሎ ገደማ አግኝተዋል።

በሳምንቱ ለዚያ ልጅ ሁለቱን ቀመሮች ሰጠሁት። አስልቶ መጣና «ታዲያ የቱ ነው ትክክሉ?» አለኝ። «ሁለቱም ግምት ነው» አልኩትና፣ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን 28 አጥፍቼ «ከ20 እስከ 30 ኪሎ ገደማ፣ በስሌት» ብዬ ጻፍኩ።