ዘንዶና ፍቅር፦ ስለ ሮማንታሲ መጻሕፍት የሚባለውና የሆነው

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በጥር ወር 2025 አሜሪካዊቱ ደራሲ ወይዘሮ ሬቤካ ያሮስ «ኦኒክስ ስቶርም» የተባለውን መጽሐፋቸውን ለገበያ ባወጡ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ስለ ተሸጠ፣ ለአዋቂዎች ከተጻፉት ልብ ወለዶች መካከል በ20 ዓመት ውስጥ እንዲህ የተጣደፈ ገበያ ያገኘ እንዳልነበረ በጊዜው ተነገረ። ፍቅርን ከአስማትና ከክንፋም ዘንዶ ጋር አዋሕዶ የሚተርከውን ይህን የድርሰት ዓይነት መጽሐፍ ነጋዴዎች «ሮማንታሲ» ይሉታል። ቁጥሩ ያስደነገጣቸው ሰዎች ምክንያቱን ለመግለጥ ስለሚቸኩሉ፣ ከምርመራ ሳይሆን ከግምት የተወለዱ አንዳንድ አስተያየቶች እንደ እውነት ተቆጥረው ከአፍ ወደ አፍ ይዘዋወራሉ።

ከሁሉም ይልቅ የሚደጋገመው፣ ይህ ነገር ትናንት የበቀለና ቲክቶክ የወለደው ፋሽን ነው የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች፣ በሁለተኛው መቶ ዓመት በሰሜን አፍሪካ ከምትገኘው ከማዳውሮስ የተነሣው አፑሌዩስ «ወርቃማው አህያ» በሚባለው የላቲን መጽሐፉ የተረከውን የፕሲኬን ታሪክ ቢያነቡ መልካም ነበር። ይህች የንጉሥ ልጅ በጨለማ ብቻ ከሚመጣ፣ መልኩንም እንዳታይ ከከለከላት ባል ጋር ትኖራለች፤ እኅቶቿ ግን «ባልሽ እባብ ነው» ብለው ስላሸበሯት አንድ ሌሊት ኩራዝ ለኩሳ፣ ምላጭ ይዛ ወደ መኝታው ብትቀርብ፣ የተኛው አውሬ ሳይሆን ክንፍ ያለው የፍቅር አምላክ ሆኖ ታገኘዋለች፤ በመደነቅ ስትንቀጠቀጥም ከኩራዙ አንዲት የጋለ ዘይት ጠብታ ትከሻው ላይ ትወድቃለች፣ እርሱም ነቅቶ በሮ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ አማቲቱ ስንዴውንና ገብሱን፣ ሽምብራውንና ምስሩን፣ ባቄላውንም በአንድ ክምር ደባልቃ «እስኪመሽ ለይተሽ አቅርቢ» ብትላት፣ ጉንዳኖች አዝነውላት እህሉን በየዓይነቱ ይለዩላታል።

እንግዲህ ወይዘሮ ሣራ ማስ በ2015 ባሳተሙትና ርእሱ የእሾኽና የጽጌረዳ አደባባይ እንደ ማለት በሆነው ልብ ወለዳቸው ውስጥ፣ ፌይር የተባለች የደኸየ ቤተሰብ ልጅ ለአደን ወጥታ አንድ ተኩላ ስትገድል፣ ስለ ነፍሱ ካሣ አውሬ መስሎ የመጣ አንድ ጌታ ወደ ረቂቃን ፍጥረታት አገር ወስዷት፣ በመጨረሻም ስለ እርሱ ሦስት ፈተና ስትፈተን የሚያይ አንባቢ፣ የፕሲኬን የልጅ ልጅ እንዳገኘ ሊቈጥረው ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድም የተሰወረ አይደለም፤ ፈረንሳዊቱ እመቤት ዴ ቪልነቭ በ1740 «ውቢቱና አውሬው» የሚባለውን ታሪክ በሰፊው ጻፉት፣ እመቤት ዴ ቦሞን ደግሞ በ1756 አሳጥረው ለልጆች አቀረቡት። በእኛም ዘንድ ቢሆን የአማርኛ ልብ ወለድ በኵር የሆነው፣ በ1908 በሮም ከተማ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ፣ ዘንዶና አስማት ባይኖርበትም፣ ጦቢያ የተባለችውን ልጃገረድ የወንድ ልብስ አልብሶ በጦርነትና በፍቅር መካከል የሚያንከራትት ነው እንጂ የዕለት ኑሮ ሐተታ አይደለም።

ይህን ስል ቲክቶክ ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። ወይዘሮ ማስ የመጀመሪያውን ድርሰታቸውን የጀመሩት ገና በ16 ዓመታቸው ሲሆን፣ ምዕራፍ በምዕራፍ በኢንተርኔት እያወጡ አንባቢ ካፈሩ በኋላ በ2012 በመጽሐፍ መልክ ታተመላቸው፤ ያን ጊዜ ቲክቶክ የሚባል ነገር አልነበረም። በ2020 ወረርሽኙ ሰዉን በየቤቱ በከተተው ጊዜ ግን፣ ወጣት ሴቶች የማስን መጻሕፍት በቲክቶክ ላይ በካሜራ ፊት ከፍ አድርገው፣ አንዳንዶቹም እያለቀሱ፣ ለማያውቋቸው ሰዎች ይመሰክሩላቸው ጀመር፤ የአሳታሚው ማስታወቂያ ሊያደርገው ያልቻለውን ይህ ምስክርነት አደረገው። የማስ አሳታሚ የሆነው የሎንዶኑ ብሉምስበሪ እስከ የካቲት 2024 ባለው የሒሳብ ዘመኑ የእርሳቸው መጻሕፍት ሽያጭ በ161 በመቶ እንዳደገ አስታውቋል። ስለዚህ ቲክቶክ ጥንት የነበረውን አሰፋ እንጂ ያልነበረውን አልፈጠረም።

ሁለተኛው አስተያየት፣ እነዚህ መጻሕፍት የልጃገረድ ልብ ማባበያ ናቸው፣ ቁም ነገር የላቸውም የሚለው ነው። ይህን የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ሽፋኑን እንጂ ውስጡን ያላዩ ናቸው። በ2023 የታተመው የያሮስ «ፎርዝ ዊንግ» የሚጀምረው ከጦር ትምህርት ቤት በር ላይ ነው፤ ምልምሎቹ በነፋስና በዝናብ ቀጭን የድንጋይ ድልድይ ላይ አንድ በአንድ ይሻገራሉ፣ የተንሸራተተ ወድቆ ይሞታል። ቫዮሌት የተባለችው ባለታሪክ፣ ጄኔራል በሆነችው እናቷ ትእዛዝ ተገዳ የመጣች፣ መጋጠሚያዎቿ በቀላሉ የሚወልቁ ደካማ ልጅ ስትሆን፣ ከድልድዩ በፊት ያገኘቻት የአንዲት እንግዳ ሴት ጫማ ልሙጥ መሆኑን አይታ የራሷን የአንድ እግር ጫማ አውልቃ ትለውጥላታለች። የቫዮሌትን የሰውነት ድካም ደራሲዋ ከመጽሐፍ አልቀዱትም፤ እርሳቸው ራሳቸው ኤለርስ ዳንሎስ የሚባለው የመጋጠሚያና የጅማት ሕመም አለባቸው፣ ባለቤታቸውም ወታደር ነበሩ። የዘንዶና የጋላቢው የነፍስ ትስስርም ቢሆን ከወይዘሮ አን ማካፍሬይ የተወረሰ ርስት ነው፤ እርሳቸው ስለ ዘንዶ ጋላቢዎች በጻፉት ታሪክ በ1968 ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት በድርሰት ያገኙ የመጀመሪያይቱ ሴት ናቸው።

ነቀፌታ የለባቸውም ለማለት ግን አልደፍርም። «ፎርዝ ዊንግ» በግንቦት ወጥቶ ሁለተኛው ቅጽ በዚያው ዓመት በኅዳር ሲከተል፣ ችኮላው በዓረፍተ ነገሩ ላይ ይታያል፤ በብዙዎቹ መጻሕፍትም ጀግናው ጥርሱን ሳይነክስ የሚያልፍ ምዕራፍ ማግኘት ያስቸግራል።

«ፍጻሜው አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ ዋጋ የለውም» የሚሉም አሉ። በእርግጥ የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር ራሱ፣ ፍቅሩ የታሪኩ ማእከል፣ ፍጻሜውም ልብ የሚያረካና ተስፋ ያለው እንዲሆን በትርጓሜው ውስጥ አስቀምጧል። ነገር ግን የገድል ሰሚ ጻድቁ በመጨረሻ ቃል ኪዳን እንደሚቀበል እያወቀ በየዓመቱ ለበዓሉ መምጣቱን አይተውም፤ የሚሻው በምን መከራ አልፎ ወደዚያ እንደ ደረሰ መስማት ነውና። የሮማንታሲ አንባቢም ሁለቱ ፍቅረኞች እንደሚጋቡ ያውቃል፣ ገንዘቡን የሚከፍለው ስለ መዘግየቱ ነው። በብዙ ቅጽ የተከፈለው ታሪክ ደግሞ ይህን መዘግየት ያረዝመዋል፤ በመጀመሪያው መጽሐፍ የተወደደው ሰው በሁለተኛው ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ በማስ ታሪክም የሆነው ይኸው ነው።

ወጣቱ ሁሉን በስልኩ ስለሚያነብ የወረቀት መጽሐፍ ይሞታል የሚለው ትንቢት በዚህ ገበያ አልሠራም። የ«ፎርዝ ዊንግ» የመጀመሪያ እትም ገጾቹ ጠርዝ ላይ ጥቁር ቀለም ተረጭቶበት ዘንዶዎች ተሥለውበት ነበር፤ እርሱን የሚሹ ሰዎች ታሪኩን በስልክ አንብበው ከጨረሱ በኋላም ይገዙታል።

በመጨረሻ የምናገኘው የወላጆች ፍርሃት ነው፤ እርሱም ከሐሰቱ ጋር እውነት የተቀላቀለበት ነው። ልብ ወለድ ወጣቱን ያበላሻል ማለት እጅግ ያረጀ ክስ ነው፤ ስፔናዊቷ መነኩሲት የአቪላዋ ቴሬዛ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር የባላባቶችን የጀብዱ ታሪክ ከአባቷ ተደብቃ ታነብ እንደ ነበር በገዛ ሕይወት ታሪኳ ጽፋለች፣ ንባቡም እንደ ጎዳት አምናለች፤ ሆኖም ቤተ ክርስቲያኗ ቅድስት ብላ ከመሰየም አልተከለከለችም። ነገር ግን ብዙዎቹ የሮማንታሲ መጻሕፍት የመኝታ ቤቱን ነገር ሳይሸፍኑ የሚናገሩ፣ ለአዋቂ የተጻፉ ናቸው። በነሐሴ 2024 በአሜሪካ የዩታ ግዛት ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲወጡ ያዘዘባቸው 13 መጻሕፍት ሲታወጁ የማስ ድርሰቶች በዝርዝሩ ውስጥ ተገኝተዋል። ስለ እገዳው የፈለግነውን ብንል፣ ስለ ፌይር የሚተርከው መጽሐፍ በልጆች መደርደሪያ ላይ የተገኘው በወጣቶቹ ተንኰል አልነበረም፤ አሳታሚው ራሱ በ2015 ለወጣቶች ብሎ አውጥቶት ነበር፣ ሽፋኑን ለውጦ ወደ አዋቂዎች ክፍል ያዛወረው በ2020 ነው። ስለዚህ የፊተኛው እትም ዛሬም በቤቱ ያለ ወላጅ በሽፋኑ ሥዕል ቢታመን ይታለላል።