ስለ ባሮ ወንዝ ዳርቻ፤ የጋምቤላ አገር አቀማመጥ፣ ታሪክና አስተዳደር

አዲስ አበባን ያየ ሰው በቂርቆስ በኩል ለገሐር የሚባለውን አሮጌውን የምድር ባቡር ጣቢያ ሳያይ አይቀርም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስለ ገባ፣ የአገራችን የንግድ በር በምሥራቅ ብቻ የነበረ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን በምዕራብም ሌላ በር ነበረ። የዚያ በር መንገዱ ሐዲድ ሳይሆን ውሃ ነበረ፤ ዕቃውንም የሚያመላልሰው መርከብ ነበረ። ወደቡ ጋምቤላ ይባላል። አገሩ ትንሽ ነው፤ ታሪኩ ግን ወንዝ ድንበር በተደረገ ጊዜ በዳርቻው በሚኖረው ሕዝብ ላይ ምን እንደሚደርስ በግልጥ ስለሚያሳይ፣ በዚህ ጽሑፍ በዝርዝር እንነግራለን። የዘመኑ ቁጥር ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ700 ኪሎሜትር በላይ ይርቃል። የኢሉባቦር ከተማ ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ ደጋ ነው። በጎሬ ጋቢውን ደርቦ ያደረ መንገደኛ ቁልቁለቱን በቡሬ በኩል ወርዶ ጋምቤላ በደረሰ ጊዜ፣ ከፍታው 500 ሜትር ከጥቂት ብቻ ስለሚሆን፣ ጋቢው ሸክም ይሆንበታል። ከዚያ ወዲያ እስከ ነጭ ዓባይ ድረስ ተራራ የለም፤ ሜዳ ብቻ ነው።

ባሮ የሚባለው ወንዝ ብርብርና ገባ የሚባሉት ሁለት ወንዞች በደጋው ግርጌ ተገናኝተው የሚሆኑት ነው። በደጋው ሳለ በገደል እየተወረወረ ይወርዳል፤ ከሜዳው በገባ ጊዜ ግን ቁጣው በርዶ፣ ሰፍቶና ረግቶ ይሄዳል። በኢትዮጵያ ካሉት ትልልቅ ወንዞች መካከል ትልቅ መርከብ ሊሄድበት የቻለ ባሮ ብቻ የሆነው ስለዚህ ነው። ዓባይና ተከዜ በጥልቅ ሸለቆ ስለሚሮጡ መርከብ አያስጠጉም። ባሮም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አይፈቅድም። ክረምቱ ከገባበት ከሰኔ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ግድም ይሞላል፤ ከዳርቻውም አልፎ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፤ በበጋ ደግሞ ይጎድልና አሸዋው ብቅ ይላል። ከባሮ ወደ ደቡብ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ የሚባሉ ወንዞች አሉ። ባሮ ወደ ምዕራብ ወርዶ ከደቡብ ከሚመጣው ከፒቦር ጋራ ሲገናኝ ስሙ ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም ከነጭ ዓባይ ይገባል። ከዚያ መገናኛ በታች ነጭ ዓባይ ከሚይዘው ውሃ ግማሽ ያህሉ ሶባት ያመጣለት ነው። ስለዚህ የግብጽ ሰው ከሚጠጣው ውሃ የኢሉባቦር ዝናም ድርሻ አለው።

የሰዉ ኑሮ ይህን የውሃ መሙላትና መጉደል ተከትሎ የተሠራ ነው። አኝዋኮች መንደራቸውን በወንዝ ዳር መሥርተው ማሽላና በቆሎ ይዘራሉ፤ ዓሣም ያጠምዳሉ። ውሃው ሞልቶ በጎደለ ጊዜ የተወው ጥቁር ደለል ርጥብ ስለሆነ፣ ያለ ዝናም ሁለተኛ ያዘሩበታል። ኑዌሮች ደግሞ ሀብታቸው ከብት ነው። በክረምት ጎርፍ ከማይደርስበት ጉብታ ላይ ይቀመጣሉ፤ በበጋ ሣሩ ሲደርቅና ኩሬው ሲነጥፍ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ከደጋው ግርጌ በጫካ ውስጥ መዠንግሮች ንብ እያነቡና እያረሱ ይኖራሉ፤ ኦፖና ኮሞ የሚባሉ ሕዝቦችም አሉ። እንግዲህ ተማሪው ይህን ልብ ይበል፤ በክረምት ሜዳው ባሕር ሆኖ ሁሉም በየጉብታው ተለያይቶ ይከርማል፤ በበጋ ግን የወንዙ ዳር ለሁሉም አንድ መሰብሰቢያ ነው። ወንዙ ሰውን የሚያገናኝ ነበረ።

አገዛዛቸውም እንደ ኑሯቸው የተለያየ ነበረ። በአኝዋክ ዘንድ በአንዳንዱ መንደር ኳሮ የሚባል አለቃ አለ፤ በሌላው ደግሞ ኒዬያ የሚባሉ የመሳፍንት ወገኖች አሉ፤ የእነዚህም የሹመት ምልክታቸው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዶቃ ጌጥ ነበረ። አለቃው ለጋስ ካልሆነና ሕዝቡን ካላበላ መንደሩ ተነሥቶ ይሽረውና ሌላ ያነግሥ ነበረ። ኑዌሮች ግን የሚያዝዝ ገዥ አልነበራቸውም። ሰው ተገድሎ ደም በተፈለገ ጊዜ የነብር ቆዳ የሚለብስ አስታራቂ በመካከል ይገባና ካሣው በከብት እንዲከፈል ያደርግ ነበረ። ግብር መሰብሰብ የለመደ መንግሥት በመጣባቸው ጊዜ፣ ማንን አለቃ ብሎ እንደሚጠራ ቸግሮት ነበረ ማለት ነው።

መንግሥታት ወደዚህ ሜዳ የመጡት በአንድ ዘመን ነው። በሰኔ 1890 ዓ.ም. ደጃዝማች ተሰማ ናደው በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ትእዛዝ ከደጋው ያዘመቱት ጦር ሶባትን ተከትሎ ከነጭ ዓባይ ዳር ደረሰ። ከሠራዊቱ ጋራ ፈረንሳዮችና አርታሞኖፍ የተባለ የሩስያ መኰንን ነበሩ። ነገር ግን የደጋ ወታደር በንዳድ ስላለቀ፣ ባንዲራውን ተክሎ ከመመለስ በቀር ሊቀመጥ አልቻለም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ማርሻን የሚባለው የፈረንሳይ መኰንን ፋሾዳ ገባ፤ በዚያም ምክንያት እንግሊዝና ፈረንሳይ ለጦርነት ደርሰው ነበረ። ያ የደጃዝማች ተሰማ ጦር በጤና የሚቀመጥ ቢሆን ኖሮ ካርታው ሌላ መልክ በያዘ ነበር እላለሁ። ድንበር የሚወሰነው በጦር ብርታት ብቻ አይደለም፤ ትንኝም ድርሻ አላት።

ከዚህ በኋላ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዓፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን የድንበር ውል ተፈራረሙ። ውሉ በዚህ በኩል ወሰኑን በወንዝ ላይ አደረገው፤ ይኸውም ባሮን ይዞ እስከ ፒቦር መገናኛ ይወርዳል፤ ከዚያ ፒቦርን ይዞ ወደ ላይ እስከ አኮቦ አፍ፣ ከዚያም አኮቦን ተከትሎ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ካርታ የገለጠ ሰው በዚያ ስፍራ የኢትዮጵያ መሬት እንደ ምላስ ወደ ምዕራብ ወጥቶ ያያል። ውል ጸሓፊዎች ወንዝን የሚወዱት በወረቀት ላይ ጐልቶ ስለሚታይና ምልክት መትከል ስለማያሻው ነው። ነገር ግን ከላይ እንደ ተናገርነው በዚህ አገር ሁለቱም ዳር የአንድ ሕዝብ ቤት ነው። አኝዋክም ኑዌርም በአንድ ቀን በሁለት መንግሥት ሥር ተከፈሉ፤ ያን ጊዜ ግን አብዛኞቹ መከፈላቸውን አልሰሙም።

በዚያው ውል በ3ኛው አንቀጽ ዓፄ ምኒልክ ዓባይን፣ ጣናን ወይም ሶባትን ከዳር እስከ ዳር የሚዘጋ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋራ ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ተጽፎ ነበረ፤ መዝጋት ማለት ምንድር ነው የሚለው ክርክር ውሉን ከፈረሙት ሰዎች ዕድሜ አልፎ ኖሯል። 4ኛው አንቀጽ ደግሞ ለሱዳን መንግሥት በባሮ ዳር በኢታንግ አጠገብ የንግድ ጣቢያ ፈቀደ። የወንዝ ዳሩ ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካና ለጦር ሥራም እንዳይሆን ተወሰነ። ዘመኑም ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አገዛዝ ሥር እስካለች ድረስ ሆነ። ይህችን የመጨረሻይቱን ቃል አንባቢው ያስታውሳት፤ ኋላ ትሠራለች።

ኢታንግ ዝቅ ያለና በጎርፍ የሚጠቃ ስለሆነ፣ ጣቢያው ወደ ላይ ለደጋው መንገድ በሚቀርበው በጋምቤላ ተሠራ፤ በ1899 ዓ.ም. ግድምም ሥራውን ጀመረ። በክረምት የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ ወንዝ ለወንዝ እየመጣ ጨውና አቡጀዴ ያራግፋል፤ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭኖ ይመለሳል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መጋዘን ከፈቱ። ነገር ግን በተፈጥሮ አንድ ችግር ነበረ። መርከብ የሚመጣው በክረምት ነው፤ በክረምት ደግሞ የጎሬ መንገድ ጭቃ ነው፤ ጅረቱም ሞልቶ በቅሎ አያሳልፍም። ስለዚህ ሲራራው ነጋዴ ቡናውን በበጋ አውርዶ በመጋዘን ያስቀምጣል፤ መርከቡን እስከ ክረምት ይጠብቃል። ከብቱም በቆላው በገንዲ ስለሚሞትበት ቶሎ ወደ ደጋው ይመለሳል። በሁለት ወቅት መካከል መጋዘን ያለው ሰው ዋጋውን እንደ ፈቀደ ይቈርጥ ነበረ፤ የጋምቤላ ነጋዴ የበለጸገበት ምሥጢር ይህ ነው።

አገዛዙ እንግዳ ነበረ። በኢትዮጵያ መሬት ውስጥ፣ በ400 ሄክታር ላይ የሱዳን መንግሥት ሹም ተቀምጦ ያስተዳድር ነበረ፤ ከዚያ ክልል አንድ እርምጃ የወጣ ሰው ግን በኢሉባቦር ገዥ ሥልጣን ሥር ነው። በዙሪያው ያለው ሕዝብ በዚያ ዘመን ከደጋው በንግድ የሚመጣ ጠመንጃ አግኝቶ ነበረ። በመጋቢት 1904 ዓ.ም. አኩዌይ የሚባለው የአኝዋክ መስፍን አዶንጋ ላይ የሱዳንን መንግሥት ጦር ገጥሞ ብዙ ሰው ገደለበት፤ እንግሊዞችም ሜዳውን በኃይል መያዝ ቀላል እንዳልሆነ ተረዱ።

ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የወጣው መንግሥት ጎሬ ላይ ተቀምጦ ነበረ፤ እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም.ም ቈየ። ጣቢያው ግን በእንግሊዞች እጅ ነበረና ኢጣልያኖች ወዲያው አልነኩትም። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ ከእንግሊዝ ጋራ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ያዙት፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደግሞ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ የእንግሊዝ ጦር አስለቀቃቸው። ከቤልጅክ ኮንጎ የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮችም በዚሁ በኩል ወደ ደጋው ወጥተው በሰኔ መጨረሻ ሳዮ ላይ የኢጣልያን ጄኔራል ጋዜራን ከነሠራዊቱ ማረኩት። ስለዚህ ዘመቻ ሲነገር የኮንጎ ሰዎች ስም ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ወባና ረኃብ የጨረሳቸው ግን ጥቂት አልነበሩም።

አሁን ያችን የውል ቃል እናንሣ። በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃ መንግሥት ሆነች። የእንግሊዝና የግብጽ አገዛዝ ስለ ቀረ፣ የጋምቤላም ኪራይ በራሱ አለቀ፤ ጣቢያው ያለ ጦርና ያለ ክርክር ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከ54 ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ ሐረግ አንድ ከተማ አስመለሰ። ንግዱ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። የደቡብ ሱዳን ሽፍትነትና ጦርነት ወንዙን አስፈራ፤ የመኪና መንገድም የምዕራቡን ቡና ወደ አዲስ አበባ ሳበው፤ መርከቡ እየቀነሰ ሄዶ ቀረ።

መሬቱ ተመለሰ እንጂ መስመሩ አልተነካም። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ፣ በካዛንችስ አጠገብ ባለው በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን አቋቋሙ፤ በሐምሌ 1956 ዓ.ም. በካይሮ ባደረጉት ጉባኤ ደግሞ ነፃነት ባገኙ ጊዜ የነበረውን ወሰን እንዲያከብሩ ወሰኑ። ኢትዮጵያና ሱዳንም በሐምሌ 1964 ዓ.ም. በጽሑፍ የድሮውን ውል አጸኑ። ይህ ውሳኔ ብዙ ጦርነት እንዳስቀረ አምናለሁ፤ የባሮን ሕዝብ ግን ለሁለት እንደ ተከፈለ አስቀረው።

አስተዳደሩ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ጋምቤላ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ነበረ። በ1984 ዓ.ም. ክልል 12 ተባለ፤ በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት በ47ኛው አንቀጽ የጋምቤላ ሕዝቦች ክልል ተብሎ ከፌዴራሉ አባል ክልሎች አንዱ ሆነ። ርእሰ ከተማው ጋምቤላ ነው። የራሱ ምክር ቤት አለው፤ ምክር ቤቱም ርእሰ መስተዳድሩን ይመርጣል። የአኝዋክ፣ የኑዌርና የመዠንግር ዞኖች አሉት፤ ኢታንግ ደግሞ ልዩ ወረዳ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ሕዝቡ 307 ሺህ ያህል ነበረ፤ ኑዌር ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አኝዋክ አምስት እጅ ቢሉ አንድ እጅ ያህል ነበረ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሰሜንና ከደቡብ በሰፈራ የመጡ ደገኞችም አሉ። ወንበሩ በሕዝብ ቍጥር ይደልደል ወይስ መሬቱን አስቀድሞ በያዘ የሚለው ክርክር ለዚህ ክልል ከባድ ነው፤ ደምም አፍስሷል።

ክርክሩን ያከበደው ያው ወንዙ ነው። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነፃ ወጣችና ያ የ1894 መስመር ጎረቤቱ ሁለተኛ ጊዜ ተለወጠበት፤ በመጀመሪያ የእንግሊዝና የግብጽ ሱዳን፣ ቀጥሎ ሱዳን፣ አሁን ደቡብ ሱዳን። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በዚያ የርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ፣ ከወዲያ ማዶ የተነሣው ሕዝብ ባሮንና አኮቦን ተሻግሮ መጣ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የስደተኛው ቍጥር ከ300 ሺህ አለፈ፤ ይኸውም በ1999 ከተቈጠረው የአገሬው ሕዝብ የሚተካከል ነው። ከተሻገሩት ብዙዎቹ በዚህ በኩል ዘመድ ያላቸው ኑዌሮች ናቸው። በወረቀት ስደተኛ ይባላሉ፤ በአጎታቸው ቤት ግን እንግዳ አይባሉም። አኝዋኩ ደግሞ ይህን አይቶ የወንዝ ዳር እርሻው እንዳይያዝበት ይሠጋል። በበጋ ውሃው ሲጎድልና ከብቱ ወደ ባሮ ሲወርድ፣ የወረዳው ሹም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ሣሩና ስለ መሻገሪያው ነው።