ሕግ መተላለፍ ቅንነት የሚሆነው መቼ ነው?



በጎባ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ገበሬ “አባ ይፍቱኝ” ብሎ ቀረበና፣ “ልጄ ታሞ የመድኃኒት ዋጋ ባጣሁ ጊዜ፣ በሌሊት ከተከለከለው ደን ጥድ ቆርጬ ሸጥሁ። ያደረግሁት ለልጄ ነውና ኃጢአት ይሆንብኛልን?” ሲል ጠየቀኝ። ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ነገሩን እንድናገር ፈቅዶልኛል።

ሕግ የተላለፈ ሁሉ በደለኛ ነው ብንል መጻሕፍት ይቃወሙናል። የዕብራውያን አዋላጆች ሲፓራና ፉሐ የፈርዖንን ትእዛዝ አፍርሰው ሕፃናትን አዳኑ፤ እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው። ሠለስቱ ደቂቅ ለጣዖት አንሰግድም ብለው ወደ እሳት ተጣሉ። በአገራችንም አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ በፋሺስቶች ታዝዘው እምቢ ስላሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። በወራሪው ሕግ ወንጀለኛ ተባሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ግን ሰማዕት ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ ስንኳ የመተላለፉን ዋጋ በሌላው ጫንቃ ላይ አልጫነም። አዋላጆቹ ሥራቸውን ቢሰውሩም፣ የሰወሩት ሕፃናቱን ለማትረፍ ነው። እንግዲህ መለኪያው መሰወር ወይም መግለጥ ብቻ አይደለም፤ “ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?” ብሎ መጠየቅ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ነገር ግን ደኑ የሚጠበቀው ለክብር ብቻ አይደለም። ከእነዚህ ተራሮች እነወይብና ወልመል ይወርዳሉ፤ ውኃቸውን የሚጠብቅ የቆላ አርብቶ አደር ብዙ ነው። ደን ሲራቆት አፈር ይታጠባል፤ ምንጭም በበጋ ይነጥፋል። አንድ ጥድ ምንጭ አያደርቅም ይባል ይሆናል፤ ሁሉም “አንድ ብቻ” ያለ እንደ ሆነ ግን ተራራው ባዶ ይቀራል።

ስለዚህ እንዲህ አልሁት፦ “ልጄ፣ ለልጅህ መራራትህ መልካም ነው፤ ዕዳህን ግን በማታውቀው ሰው ላይ ጥለሃል። ችግኝ ተክለህ እስኪጸድቅ ተንከባከብ። ሕጉ ከከበደህም በቀን፣ በሽማግሌና በሸንጎ ፊት ተናገር እንጂ በሌሊት አትቁረጥ።”

ይህን ካልሁት በኋላ ግን ራሴን ወቀስሁ። ያ ሰው መጥረቢያውን ከማንሣቱ በፊት የእኛን ደጅ ሊያንኳኳ ይገባው ነበር፤ አላንኳኳም፤ እንደማንከፍትለት ያውቅ ነበርና። የእርሱ በደል አንድ ጥድ ነው፤ የእኛ ግን የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በሌሎች መተላለፍ ከመፍረዳችን በፊት በራችንን እንክፈት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።