ፈጣን ፕሮሰሰር፣ ዘገምተኛ ማኅደረ ትውስታ፦ የመስኖ መለኪያ ሲመረጥ ምን ይታያል?

ዳንግላ፦ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በዳንግላ ወረዳ፣ የዳንግሽታ ቀበሌ አርሶ አደሮች ጥልቀት ከሌላቸው የእጅ ጉድጓዶች ውኃ እየሳቡ ሽንኩርትና ሌሎች አትክልቶችን ያለማሉ። የአካባቢው ነዋሪዎች ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር የዝናብ መጠንን እንዲሁም የወንዝና የጉድጓድ ውኃ ከፍታን በእጅ እየለኩ መዝግበዋል። ውኃ ወደ ሥር መድረሱን የሚያሳዩ ቀላል የእርጥበት ጠቋሚዎችም በማሳ ላይ ተሞክረዋል።

ይህን መሰል ልኬት በራሳቸው የሚያከናውኑ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ዛሬ በገበያ ይገኛሉ። ሥራቸውን የሚመራው ማይክሮኮንትሮለር ሲሆን፣ ይህም በአንዲት ቺፕ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ገዢዎች በቅድሚያ የሚመለከቱት በሜጋኸርዝ የተገለጸውን ፍጥነት ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ግን ገዢውን ላላስፈላጊ ወጪ ሊዳርግ ይችላል።

ምክንያቱን ከጉድጓዱ አፍ ላይ መረዳት ይቻላል። አትክልት የሚያጠጣው ሰው ምንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን፣ ባልዲው ከጉድጓድ እስኪወጣ መጠበቁ አይቀርም። በመደቡ አጠገብ የሞላ በርሜል ካለው ግን ሳያቋርጥ ያጠጣል። ፕሮሰሰርም እንደዚሁ የሚፈጽመውን እያንዳንዱን ትእዛዝ ከማኅደረ ትውስታ ማንበብ ይኖርበታል።

ሁለት የታወቁ ቺፖችን እናነጻጽር። በአርዱዊኖ ኡኖ ላይ ያለው ቺፕ ፍጥነቱ 16 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት 32 ኪሎባይት ማኅደር ግን በዚያው ቺፕ ውስጥ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ከውጭ የሚጠብቀው የለም። በ2013 ዓ.ም ለገበያ የቀረበው ራስቤሪ ፓይ ፒኮ ደግሞ በወቅቱ የተገለጸለት ከፍተኛ ፍጥነት 133 ሜጋኸርዝ ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን ከቺፑ ውጭ ባለ ሌላ ማኅደር ላይ ተቀምጦ በአራት የመረጃ መስመሮች ይነበባል።

የፒኮ በርሜል 16 ኪሎባይት የሚይዝ «ካሽ» የተባለ ጊዜያዊ ማቆያ ነው። የተፈለገው ትእዛዝ በካሽ ውስጥ ከተገኘ መዘግየት የለም። ካልተገኘ ግን 8 ባይት ከውጭ ለማምጣት ከ50 በላይ የፕሮሰሰር ምት ሊፈጅ ይችላል። ፕሮሰሰሩ በዚህ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ኃይል ይበላል። ስለሆነም ባለሙያዎች በተደጋጋሚ የሚሠራውን የፕሮግራም ክፍል ወደ ውስጠኛው ማኅደር ያዛውሩታል።

ይህ መዘግየት ለአርሶ አደሩ የሚያሳስበው መቼ ነው? በየ15 ደቂቃው አንድ ጊዜ የአፈር እርጥበት ለሚለካ መሣሪያ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለዚህ ሥራ ርካሹና ዘገምተኛው ቺፕ ይበቃል።

የቅጠል በሽታ በፎቶ ለመለየት ሲታሰብ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስፋቱ 640 በ480 ነጥብ የሆነ ጥቁርና ነጭ ፎቶ 307,200 ባይት ይፈልጋል። የፒኮ ውስጠኛ ማኅደር 264 ኪሎባይት በመሆኑ ፎቶው በሙሉ አይገባበትም። ፎቶውን በሙሉ ለመያዝ ከውጭ ማኅደር ሲጨመር ደግሞ የሥራውን ፍጥነት የሚወስነው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን የዚያ ማኅደር ፍጥነት ይሆናል።

መረጃ መጻፍ ከማንበብ ይበልጥ ይዘገያል። በእንዲህ ዓይነቱ የውጭ ማኅደር አዲስ መረጃ ከመጻፉ በፊት አሮጌው ይደመሰሳል፤ 4 ኪሎባይት ለመደምሰስም በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ይወስዳል። መፍትሔው መረጃን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ መጻፍ ነው። አንዱ ልኬት 16 ባይት ቢሆን፣ 256 ባይት በሚይዝ አንድ ገጽ 16 ልኬቶች ይገባሉ፤ በየ15 ደቂቃው ከተለካ መሣሪያው የሚጽፈው በ4 ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ መካከል ኃይል ቢቋረጥ ግን ያልተጻፈው መረጃ ይጠፋል። ባትሪን መቆጠብና መረጃን መጠበቅ የሚመዛዘኑት እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለመግዛት ያሰበ ማኅበር ወይም የግብርና ባለሙያ ሻጩን ከሜጋኸርዙ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቀማል፦ ፕሮግራሙ በቺፑ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? ውስጠኛው ማኅደር ለታሰበው ሥራ ይበቃል? መረጃው በምን ያህል ጊዜ ይጻፋል? የእነዚህ መልስ ሳይታወቅ ለፍጥነት ብቻ የሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብ ለአትክልቱ የሚጨምርለት ውኃ የለም።