ሰኔ 30 በመተማ ቆላ

ሰኔ ሲገባ ወደ መተማዋ ከተማ ወደ ገንዳ ውሃ ሁለት ነገር አብሮ ይደርሳል። አንዱ የሒሳብ መዝጊያ ነው። እንደ አገሩ ወረዳ ሁሉ እዚህም የዓመቱ ገንዘብ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ያልተነካ ብር ወደ ካዝና እንዳይመለስ ፋይል ከቢሮ ቢሮ ይሮጣል፣ በጥድፊያ የሚገዛው ይገዛል፣ የቀረው ይዘጋል። ሌላው ከጎንደር በኩል ይመጣል፤ በአውቶቡስና በአይሱዙ ተጭኖ፣ በሶውን በፌስታል ቋጥሮ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው። አይከልን ካለፈ በኋላ ሙቀቱ እየበረታ ይሄዳል፤ ነጋዴ ባሕር ሲደርስ ጋቢው ከትከሻው ይወርዳል። ከፊቱ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ ማሳ ይጠብቀዋል።

የሁለቱ በአንድ ወር መገጣጠም ያጋጣሚ ነገር ነው፤ መዘዙ ግን በየዓመቱ ይደገማል። ሰው በሚበዛበት፣ ዝናብ በሚጥልበት፣ የመጠጥ ውሃ በሚደፈርስበት ሰሞን የወረዳው እጅ ባዶ ነው። የአዲሱ ዓመት በጀት ከክልሉ ምክር ቤት ወጥቶ፣ በወረዳው ምክር ቤት ጸድቆ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ተደልድሎ ወደ ሥራ እስኪገባ ብዙውን ጊዜ ሐምሌ አልፎ ነሐሴ ይጋመሳል። ክሎሪን፣ አጎበር፣ የወባ መመርመሪያና የአምቡላንስ ነዳጅ ግን መገኘት የነበረባቸው ከግንቦት ጀምሮ ነው።

በመንግሥት ሪፖርት «ድንገተኛ» የሚለው ቃል መተማ ላይ ሲደርስ ግራ ያጋባኛል። ወባው ቀን አለው። አረሙ ቀን አለው፣ የሰሊጡ አጨዳ ቀን አለው፣ ካላዛርም ቢሆን ወቅቱን ጠብቆ ነው የሚመጣው። ከሃምሳ ዓመት በላይ በአንድ ሰሞንና በአንድ መንገድ የሚደርስ እንግዳ እንዴት ድንገተኛ ይባላል?

መልሱ ያለው ከሐኪሙ ይልቅ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ዘንድ ይመስለኛል።

በ1994 ዓ.ም. የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ሲጀመር ወረዳዎች ጥቅል በጀት ተቀብለው በራሳቸው እንዲደለድሉ ተደረገ። ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ጥቅሉ ሲመጣ አብዛኛው ለመምህሩ፣ ለጤና ባለሙያውና ለግብርና ሠራተኛው ደመወዝ የታሰረ ነው። ከሥራ ማስኬጃና ከካፒታል ተርፎ «መጠባበቂያ» ተብሎ የሚቀመጠው ትንሽ ነው፤ እሱም በዝውውር ለሌላ ጉዳይ ይሄዳል። የጥቅሉ መጠን ደግሞ በቀመር ይሰላል፣ ቀመሩም በዋናነት የሚቆመው በሕዝብ ቁጥር ላይ ነው። መተማ ላይ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የመተማ ወረዳ ሕዝብ 110 ሺህ ገደማ ነበር። በ2010 መካሄድ የነበረበት ቀጣይ ቆጠራ ተራዘመ፣ በ2011 እንደገና ተራዘመ፣ ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ጦርነት መጣ። እስካሁን የሚሠራው ከ1999 ቁጥር እየተነሱ በግምት በማሳደግ ነው። ግምቱ ትክክል ነው ብንል እንኳ የሚቆጥረው ነዋሪውን ብቻ ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደብረ ታቦር ዙሪያና ከሌላም የደጋ አገር ወደ መተማ፣ ቋራ፣ ምዕራብ አርማጭሆና ሁመራ ቆላ በየዓመቱ የሚወርደው ሠራተኛ በመቶ ሺዎች ይገመታል። ከእርሻ እርሻ እየዞረ በዚያው የከረመው ቆላ ለመደ ተብሎ «ሳሉግ» ይባላል፤ በሬና ዘሩን ይዞ ወርዶ አርሶ የሚመለሰው ደጋማ ገበሬ «ሞፈር ዘመት» ነው። ቋንቋው ለእነዚህ ሰዎች ስም አውጥቶላቸዋል። የበጀት ቀመሩ ግን አያውቃቸውም። ወባ ሲይዛቸው የሚተኙት በወረዳው ጤና ጣቢያ ነው፣ የሚውጡት ክኒን ለነዋሪው የተተመነውን ነው።

ከደጋ የመጣ ሰው ደግሞ ለወባ ሰውነቱ አልለመደም። ማሳ ዳር በዳስ ወይም በግራር ሥር ያድራል። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ደርቆ የሚሰነጠቀው የዋልካ አፈር ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ መኖሪያ ነው። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ ሕክምናው በተለመደው አሰጣጥ 17 ቀን በየቀኑ መርፌ መወጋት ነው። የቀን ገቢ ላለው ሠራተኛ 17 ቀን ተኝቶ መታከም የወቅቱን ገንዘብ ማጣት ማለት ነው፤ ስለዚህ ብዙው ትኩሳቱን ተሸክሞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

የ2015 ክረምት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሳየ። ሚያዝያ 7 ቀን ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በቀናት ውስጥ ሰው በመተማ ዮሐንስ በኩል ይገባ ጀመር። ሱዳናዊ ብቻ አልነበረም፤ ኤርትራዊው፣ በሱዳን ይሠራ የነበረው ኢትዮጵያዊ፣ የውጭ ድርጅት ሠራተኛው፣ ከስድሳ በላይ አገሮች ዜጎች በዚያች ጠባብ የድንበር ከተማ አለፉ። ስሟን ያገኘችው መጋቢት 1881 እዚያው ቆስለው ከሞቱት ከአጼ ዮሐንስ አራተኛ ነው፤ በሩ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ሰው ሲተላለፍበት የኖረ ነው። ለሠራዊት፣ ለነጋዴ፣ ለበሽታም ያው አንድ በር ነው። ከንቲባውና የቀበሌው ሰው ያንን ሁሉ ሕዝብ የተቀበሉት ለከተማዋ ነዋሪ በታሰበ ቧንቧና መጸዳጃ ነው። ከድንበሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ኩመር፣ ቆይቶም አውላላ ላይ የስደተኞች ሰፈራ ተከፈተ።

ሐምሌ ላይ ኮሌራ መጣ። በቋራ ወረዳ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ታየ። በርሜል ከየአገሩ ሕመምተኛ የሚሰበሰብበት፣ ሐኪም ቤት ተስፋ የቆረጠበት ሰው ሳምንታትና ወራት የሚከርምበት ቦታ ነው። ጠበልተኛውም እንደ ቀን ሠራተኛው በቋራ ቁጥር ውስጥ የለም። ለሺዎች የሚሆን ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ከአንድ የቆላ ወረዳ ሥራ ማስኬጃ አይወጣም፤ ሊወጣ ቢፈለግ እንኳ በምን አርዕስት ይመዘገባል? ጠበልተኛው ወደየቤቱ ሲመለስ ኮሌራው ሌሎች ወረዳዎችን አዳረሰ፣ ነሐሴ ላይ ኩመር ሰፈራ ውስጥም ገባ። በዚያው ሰሞን፣ ሐምሌ 28፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የጎንደር መተማ መንገድም የጭንቅ መንገድ ሆነ። መድኃኒት የጫነ መኪና ከጎንደር ወጥቶ ወደ 200 ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት። ግንቦት ላይ ገንዳ ውሃ መጋዘን የገባ ክሎሪን ቢኖር ኖሮ የመንገዱ መዘጋት ባልገደለ ነበር። አስቀድሞ ማከማቸት ማለት ከዚህ የተለየ ትርጉም የለውም።

በዓመቱ፣ በ2016 ሚያዝያ መገባደጃ ላይ፣ ከሺህ በላይ ስደተኞች ዝርፊያና ጥቃቱ በዝቶብናል ብለው ከሰፈራቸው ወጥተው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። ያንን ዝርዝር ለሌላ ጊዜ ላቆየው። እዚህ የማነሳው ለአንድ ነጥብ ነው፦ የአካባቢው ሰው ራሱ ተዘርፎና ተፈናቅሎ በኖረበት ዞን የስደተኛው ጸጥታ ከነዋሪው ጸጥታ ተለይቶ ሊታቀድ አይችልም። ምዕራብ ጎንደር በ2010 ራሱን የቻለ ዞን ከሆነ ወዲህ ያለ ተፈናቃይ ያለፈ ዓመት ትዝ አይለኝም።

ፖሊሲ የለም እንዳይባል ፖሊሲ አለ። ከ1966ቱ የወሎ ረሃብ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1986 የወጣው የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ወረዳን የዕቅድ ማዕከል አደረገ፣ በ2005 የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ደግሞ አደጋን ከደረሰ በኋላ ከማሳደድ ስጋትን አስቀድሞ መቀነስ ይበልጣል ብሎ ጻፈ። ኮሚሽኑ ስሙ ተለዋወጠ፣ ተጠሪነቱ ከግብርና ወጣ፣ ቆይቶ ወደ ሰላም ሚኒስቴር፣ ከዚያ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄደ። ወረዳው ላይ ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላም ያለው ኮሚቴ ነው። ሲሰበሰብ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ቃለ ጉባኤው ወደ ዞን ይላካል፣ ዞኑ ለክልል ይጽፋል። ከእርዳታ ዘመን የወረስነው ሥርዓት ይህ ነው፦ ወረዳው ያሳውቃል፣ ሌላው ይከፍላል።

የሚከፍለው ሌላው ማነው? ምዕራብ አርማጭሆ አብዱራፊ ላይ ካላዛርና የእባብ ንድፊያ ሲያክም የኖረው ድንበር የለሽ ሐኪሞች ነው። የስደተኞቹን ወጪ የሸፈኑት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ናቸው። ጥር 2017 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን በአንድ ፊርማ ስታግድ ይህ ሁሉ ምን ያህል በሰው ኪስ እንደቆመ ታየ። በዚያው ዓመት የአደጋ ስጋት ምላሽ ፈንድ ለማቋቋም ሕግ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቅረቡ ደግ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ስሙን ልብ በሉልኝ፤ «ምላሽ» ይላል። ምላሽ ሰው ከታመመ በኋላ ነው።

ገንዘቡ ከቆላው አይወጣም የሚለውን ክርክር እኔ አልቀበለውም። የመተማ ጉምሩክ የሚሰበስበው ቀረጥ በሕገ መንግሥቱ መሠረት የፌዴራል ነው፤ ሰሊጡም ዶላር ሆኖ የሚገባው አዲስ አበባ ነው። መተማ የምታስቀረው ሰሊጡን ያረመውን ሰው ወባ ነው። ከእርሻው የሚጠቀመው ባለሀብትም ለሠራተኛው አጎበርና ንጹሕ ውሃ ማቅረብን እንደ ቸርነት ሳይሆን እንደ መሬቱ ኪራይ ግዴታ ሊያየው ይገባ ነበር።

መቁጠሩም ቢሆን ያን ያህል አይከብድም። ከጎንደር የሚወርደው ሰው አብዛኛው በአንድ አስፋልት ነው የሚያልፈው፤ መንገዱ ላይ ኬላ አለ፣ ኬላው ላይ መታወቂያ የሚያይ ሰው አለ። እንጨትና ከሰል፣ ከብትና ኮንትሮባንድ ይፈተሻል። ያው ኬላ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ስንት ሠራተኛ እንደገባ ቢጽፍና ቁጥሩ ለክልሉ የበጀት ቀመር ቢሰጥ፣ ለቆላ ወረዳዎች የወቅት ሕዝብ የሚባል አንድ ረድፍ ይጨመር ነበር። ሰኔ 30 የማይዘጋ፣ ዓመት የሚሻገር የመጠባበቂያ ሒሳብም ያስፈልጋል። ይህ የደንብ ማሻሻያ ነው፣ ሕንፃ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ትኩሳቱ ልመለስ። ካላዛር የያዘው ሰው ወዲያው አይወድቅም፤ ወራት ይወስዳል። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ሒሳቡ ተከፍሎ፣ ሠራተኛው ለጥምቀት ቤቱ ከገባ በኋላ ነው ሆዱ መንፋት፣ ሰውነቱ መክሳት የሚጀምረው። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ የካላዛር ወረርሽኝ ሲታወቅ ሰዉ ከዚያ በፊት ወባ ነው እየተባለ ሲሞት ከርሞ ነበር። በሽታው ወደዚያ ደጋ የገባው ከመተማና ከሁመራ በተመለሱ ሠራተኞች ነው የሚለው ግምት በብዙ ተመራማሪዎች ዘንድ ሚዛን የሚደፋ ነው። የሕክምናው ወጪ በሊቦ ከምከም ተመዘገበ፣ ሟቹም በሊቦ ከምከም ተቆጠረ። ሰውየው ሰሊጥ ያረመበት ወረዳ መዝገብ ላይ፣ ከወረደበት ከሰኔ ጀምሮ እስከ ተመለሰበት ቀን ድረስ፣ ስሙ የለም።