የተማሪ ጥያቄና የመምህር መሰናዶ

ዕውቀት በሁለት መንገድ ይገኛል፤ አንደኛው ከሚያውቁት ሰምቶ መቀበል ሲሆን፥ ሁለተኛው ራስ አይቶ፥ መርምሮና አመዛዝኖ መረዳት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን በሳይንስ ትምህርት መጀመሪያውን ብቻ ይዞ ሁለተኛውን የተወ ተማሪ የነገሩን ስም እንጂ ነገሩን አላወቀም።

ይህ የመመርመር መንገድ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር የቅኔ ቤታችንን ይመልከት። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ መልሶ ቢያሰማ ብቻ ተማረ አይባልም፤ ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል፥ ወደ መምህሩም ቀርቦ ያሰማል፥ ስሕተቱም ይታረምለታል። የመጻሕፍት መምህራንም አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ ወገን ያዩታል። ስለዚህ ጥያቄና ምርመራ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ልማድ ነው፤ የሚቀረን ይህንኑ ልማድ ወደ ዛፉ፥ ወደ አፈሩና ወደ ውሃው ማዞር ነው።

ለምሳሌ ያህል በከፋ ዞን በጨና ወረዳ የምትገኘውን ዋጫን እንውሰድ። በከፋ ደን ውስጥ ቡና ሰው ሳይተክለው ይበቅላል፤ ደኑንም ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ጋራ መዝግቦታል። በዚህ አገር ለተወለደ ልጅ «ቡና ጥላ ይወዳል» ብሎ በሰሌዳ ጽፎ ማስገልበጥ ቀላል ነው። ይልቅስ መምህሩ «ቡና ጥላ የሚወደው ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ልጆቹ በመጀመሪያ የሚመስላቸውን ይናገሩ፥ ይጻፍም። ቀጥሎ በዕድሜና በቁመት አንድ የሆኑ ችግኞች በሁለት መደብ ይተከሉ፤ አፈሩ አንድ፥ የሚጠጡት ውሃም በልክ አንድ ሆኖ፥ አንዱ መደብ ከጥላ በታች፥ ሌላው በገላጣ ፀሐይ ይሁን። ልዩነቱ የጥላው ብቻ ካልሆነ ውጤቱ ከምን እንደ መጣ ማንም ሊፈርድ አይችልም። በየሳምንቱ ቁመቱ ይለካ፥ ቅጠሉ ይቈጠር፥ የቅጠሉ መጠውለግና የአፈሩ መድረቅም ይጻፍ። በመጨረሻም ልጆቹ ያዩትን አስቀድመው ካሉት ጋራ አስተያይተው በማስረጃ ይከራከሩ። ከዚህ በኋላ ቡና ያለውን ገበሬ ቢጠይቁ፥ ጥላ ከመጠን ሲበዛ ፍሬው እንደሚያንስ ይነግራቸዋል። «እንግዲያስ ምን ያህል ጥላ ይበቃል?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይወለዳል፤ የአንድ ቀን ትምህርት ወደ ሙሉ ምዕራፍ የሚያድገው እንዲህ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ያለ መሰናዶ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። ባቄላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ ሲል የቡና ዘር ግን ሁለት ወር ያህል ይቈያል፤ ይህን ያላሰበ መምህር መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ ባዶ አፈር ይዞ ይገኛል። ያሰበው ግን ከችግኝ ጣቢያ የደረሰ ችግኝ አስቀድሞ ይለምናል፥ ሥራውንም ፀሐይ በሚበረታበት በበጋ ወራት ያደርገዋል። ከሁሉም በፊት ልጆቹ በመጨረሻ ምን ማወቅ እንዳለባቸውና ማወቃቸው በምን እንደሚታይ ቈርጦ ይጽፋል።

መሰናዶውም በቅርብ ባለው መምህር እጅ መሆን አለበት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት መሰጠት በተጀመረ ጊዜ፥ ብዙ ሥዕልና ሙከራ ለተማሪው ታይቷል፤ ነገር ግን በመስኮቱ ያለው አስተማሪ ጠይቆ ጥቂት ከቈየ በኋላ፥ ልጁ ቢገባውም ባይገባውም ያልፍ ነበር። በሩቅ የተሰናዳ ትምህርት የአንዱን ክፍል ልጅ ጥያቄ ሊጠብቅ አይችልም።

እዚህ ላይ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሹማምንት አንድ ነገር እንዲያስቡ እንለምናለን። መምህር የሚመዘነው ከመጽሐፉ ስንት ገጽ ጨረሰ ተብሎ ብቻ የሆነ እንደሆነ፥ ልጆቹን ሁለት መደብ ሲያስለካ የሰነበተው ወደ ኋላ የቀረ፥ ሲያስገልብጥ የዋለው ግን ትጉህ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ወደ ክፍል የገባ ተቈጣጣሪ እቅዱን ከማየቱ ጋራ አንዱን ልጅ «ይህን በምን ዐወቅህ?» ብሎ ይጠይቀው። «መጽሐፉ ስለሚል» ካለ ሥራው ገና ነው፤ «ለክተን አየነው» ካለ ግን መምህሩ ምስጋና ይገባዋል። ካህናቶቻችንም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ያሉትን ያረጁ ዛፎች ለተማሪዎች ምርመራ ቢፈቅዱ ትልቅ እርዳታ ነው።

የከፋን ደን ነገ የሚጠብቀው ዛሬ በዋጫ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ነው። ጠብቅ ተብሎ ብቻ የታዘዘ ሰው ትእዛዙ ሲላላ ይተዋል፤ ስለ ምን እንደሚጠበቅ በገዛ እጁ ለክቶ የተረዳ ግን አዛዥ አያሻውም።